ነጩ ቫን እና ሌባ ሻይ

"ዛሬም ገዳዮችህ ጋ ነህ?" አለችኝ ባለቤቴ፣ ሲኒዎቹን እያለቀለቀች።

አዎ፣ እዚያው ነኝ። "ማይንድሀንተር" የሚባለውን ተከታታይ ድራማ ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው እያየሁት ነው። ሁለት ሲዝን፣ 19 ክፍል። ኔትፍሊክስ አንደኛውን በ2017፣ ሁለተኛውን በ2019 አወጣና በዚያው ቀረ። ከዋናዎቹ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ዴቪድ ፊንቸር፣ ለወጪው የሚመጥን ተመልካች አላገኘም ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ የራሳችን አቆጣጠር ትዝ የሚለኝ ለበዓል ብቻ ሆኗል።)

ላላያችሁት፦ ጊዜው 1977 ነው። ሆልደን ፎርድ የሚባል ወጣት የኤፍ ቢ አይ ሠራተኛ፣ ቢል ቴንች ከሚባል ሲጋራ ከአፉ ከማይለይ ጎልማሳ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ ፖሊሶችን ያስተምራል። እግረ መንገዳቸውን እስር ቤት ይገባሉ። ብዙ ሰው የገደሉ ሰዎች ፊት ተቀምጠው ቴፕ ሪከርደር ይከፍታሉ። ለምን ገደልክ? ያኔ ምን እያሰብክ ነበር? ልጅ ሆነህስ? ኋላ ዌንዲ ካር የምትባል ምሁር ትጨመራለች። ሐሳቡ ቀላል ነው። የተያዘውን በደንብ ካወቅነው፣ ያልተያዘውን ከሥራው እንለየዋለን።

ግድያ ለማየት የሚከፍተው ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል። ደም እምብዛም የለበትም። ጠረጴዛ አለ፣ ሲጋራ አለ፣ ወሬ አለ። እኔን የያዘኝ ወሬው ነው።

በተለይ የኤድ ኬምፐር። የሚጫወተው ካሜሮን ብሪተን ነው፤ ለዚህ ሚና ለኤሚ ሽልማት ታጭቶበታል። ገና ከበሩ ሲገባ ክፍሉ ይጠብባል። እውነተኛው ኬምፐር ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም ነው። ድምፁ ግን ለስላሳ፣ አነጋገሩ የታረመ። ሆልደን መጀመሪያ ብቻውን ሊያየው ሲሄድ የእንቁላል ሳንድዊች ይጋብዘዋል። እስረኛው ነው እንግዳ ተቀባዩ። "በሞቴ" ለማለት ምንም አልቀረው። እዚያ ጋ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ወዲያው ስለ እናቱ ማውራት ሲጀምር ፈገግታው ፊቴ ላይ ደርቆ ይቀራል።

ሰውየው የፈጠራ ሰው አይደለም። በ1964፣ በ15 ዓመቱ አያቶቹን ገደለ። የአእምሮ ሆስፒታል አስገቡትና በ1969 ተለቀቀ። ከዚያ በ1972 እና በ1973 ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ አካባቢ ስምንት ሴቶች ገደለ፤ ስድስቱ መንገድ ላይ መኪና ለምነው የተሳፈሩ ተማሪዎች ነበሩ። ሰባተኛዋ እናቱ፣ ስምንተኛዋ የእናቱ ጓደኛ። አሁን ልብ በሉ። የሳንታ ክሩዝ ፖሊሶች ይህን ሰው በደንብ ያውቁት ነበር። "ጁሪ ሩም" የሚባል መጠጥ ቤት አብረውት ይጠጡ ነበር። በመጨረሻ ወደ ኮሎራዶ ነድቶ፣ ከዚያ በስልክ ደውሎ "እኔ ነኝ" አላቸው። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። የሚያውቁት ኤድ ነዋ!

ይህን ያነበብኩ ቀን ድራማው ትንሽ ተሰነጠቀብኝ። የኤፍ ቢ አይ ዋነኛ አስተማሪ የሆነውን ሰው ማንም አልያዘውም። ራሱን ነው ያስያዘው።

ታሪኩ የተመሠረተው ጆን ዳግላስ ከጸሐፊ ጋር ሆኖ በ1995 ባሳተመው፣ ስሙም ያው በሆነ መጽሐፍ ላይ ነው። ሆልደን የዳግላስ ጥላ ነው፤ ቢል ደግሞ የሥራ ባልደረባው የሮበርት ሬስለር። ዌንዲ የተቀዳችው ከአን በርጀስ ነው። በርጀስ በሙያዋ ነርስ ናት፣ ተደፍረው የመጡ ሴቶችን ስታክምና ስታጠና የኖረች። ድራማው ሳይኮሎጂስት አደረጋት። ነርስነት ምኑ እንዳነሰባቸው አይገባኝም። እነዚህ ሰዎች የሠሩበት የኤፍ ቢ አይ ክፍል የሚገኘው ቨርጂኒያ፣ ኳንቲኮ ነው። ከቤቴ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ትራፊክ ከሌለ። ትራፊክ የሌለበት ቀን ደግሞ የለም።

በአጠቃላይ 36 ገዳዮች አነጋገሩ። ከዚያ በመነሳት ገዳዮችን "የተደራጁ" እና "ያልተደራጁ" ብለው ለሁለት ከፈሉ። የተደራጀው ያቅዳል፣ መኪና አለው፣ አነጋገሩ ያምራል። ያልተደራጀው በድንገት ይገድላል፣ ሁሉን ነገር እንደተዝረከረከ ጥሎ ይሄዳል። ጥሩ ይመስላል። በ2004 ግን እንግሊዛዊው ዴቪድ ካንተርና ባልደረቦቹ መቶ የግድያ መዝገቦችን ይዘው ይህን ክፍፍል ቢፈልጉት አላገኙትም። ብዙው ገዳይ ከሁለቱም የተደባለቀ ነው። ለነገሩ 36ቱ ሰዎች ሁሉ የተያዙ፣ ሁሉ ለማውራት ፈቃደኛ የሆኑ፣ ብዙዎቹም ዋሾዎች ነበሩ። ያልተያዘው ጠረጴዛው ላይ አልቀረበም።

አያቴ ስለ ሌባ ሻይ ይነግሩን ነበር። ሌባ ሻይ አንድ ልጅ ነው። አንድ ነገር ሲሰረቅ ልጁን ያመጡታል፣ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ጭስ ያጨሱታል። ልጁ ይሰክራል። ወገቡ ላይ መቀነት አስረው ይለቁታል፣ አንዱ ጫፉን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ልጁ ሲንገዳገድ፣ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ ይቆይና ከአንዱ ቤት ገብቶ አልጋ ላይ ዘፍ ይላል። የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው። አለቀ። ይከፍላል።

"እውነት ያገኘው ነበር እንዴ?" ብለን ስንጠይቅ አያቴ ይስቁ ነበር። "ያገኘዋል እንጂ! ከተኛበት ቤት ወዲያ ማን ይፈልጋል?"

ፕሮፋይሊንግን፣ ማለትም ያልተያዘውን ከሥራው ተነስቶ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ መተንበይን ሳስብ፣ ይህች መልሳቸው ናት የምትመጣብኝ። ኒው ዮርክን ለ16 ዓመት ቦምብ እየቀበረ ያስጨነቀውን ሰው ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። በ1956 ፖሊሶች ጄምስ ብራስል የሚባል የአእምሮ ሐኪም ጋ ሄዱ። ሐኪሙ ብዙ ነገር ተነበየ። ስትይዙት ድርብ ቁልፍ ያለው ኮት ለብሶ፣ ያውም ተቆልፎ ታገኙታላችሁ አለ። ሰውየው፣ ጆርጅ ሜተስኪ፣ ሲያዝ ፒጃማ ነበር የለበሰው። ልብስህን ቀይር ሲሉት ገብቶ ድርብ ቁልፍ ያለው ኮት ለብሶ ወጣ፤ ተቆልፏል። ዓለም ኮቷን አልረሳትም። ሰውየውን ያገኘችው ግን አሊስ ኬሊ የምትባል የመብራት ኩባንያ ጸሐፊ ናት። ኩባንያው ውስጥ ተጎድተው ካሳ የጠየቁ የድሮ ሠራተኞችን ፋይል አንድ በአንድ ስታገላብጥ፣ ቦምብ ቀባሪው በደብዳቤው የሚጠቀምባቸውን ቃላት አንዱ ፋይል ውስጥ አየቻቸው። ስለሷ ድራማ የሠራ አላየሁም። ፋይል ማገላበጥ ለካሜራ አይመችም መሰለኝ።

አገራችን ከሌባ ሻይ ሌላ አውጫጭኝም ነበራት። ወንጀል ሲሠራ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፣ ጉዳዩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም። ማን አየ? ማን ሰማ? ማን ምን ይዞ አለፈ? አሰልቺ ነው፣ ቀን ይፈጃል፣ በግና ከብት ያለ እረኛ ይውላል። የአሊስ ኬሊ ሥራ በወረቀት የተደረገ አውጫጭኝ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ራሴም አንድ ጊዜ ሌባ ሻይ ቤቴ ሊተኛ ምንም አልቀረውም ነበር።

2002 ነው። መስቀልን ካከበርን ሳምንት አልሞላንም። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ፣ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ። ሥራዬ እንጀራ ማከፋፈል ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ከጋጋሪዎቹ ተቀብዬ ለዲሲና ለአሌክሳንድሪያ ሱቆች አደርሳለሁ። የማደርስበት መኪና አለቃዬ ከአንድ ቀለም ቀቢ የገዙት አሮጌ ቫን ነበር። ነጭ። ጣሪያው ላይ የመሰላል መጫኛ ብረት ያለው።

ኦክቶበር 3 ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ እኛ አካባቢ አራት ሰው ተገደለ። አንዱ ሣር እያጨደ። አንዱ ታክሲው ላይ ነዳጅ እየቀዳ። አንዷ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ። አንዷ መኪናዋን በቫክዩም እያጸዳች። እያንዳንዳቸው በአንድ ጥይት። ማታ ደግሞ ዲሲ ውስጥ አንድ አዛውንት። ተኳሹን ያየ የለም። በሦስት ሳምንት ውስጥ 10 ሰው ሞተ፣ 3 ቆሰለ፤ ከቆሰሉት አንዱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተመታ የ13 ዓመት ልጅ ነው።

በዚያን ሰሞን ሰው እንዴት እንደሚራመድ አልረሳውም። ከሱቅ እስከ መኪና ዚግዛግ እየሠራን ነበር የምንሮጠው። ማደያዎች ሸራ ጋርደው ነበር። ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ቱቦውን ሰክቶ ከጎማው ጥግ ቁጢጥ ይላል። የሞተው ታክሲ ነጂ የህንድ ተወላጅ ነበር። ግን የኛ ታክሲ ነጂዎች ስለሱ ሲያወሩ እንደ ዘመድ ነበር። እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ "ሥራው ይቅርብህ ልጄ፣ እኔ እንደሆነ ገንዘብ አልፈልግም" አለችኝ። የሰኔን የቤት ኪራይ እኔ ነበርኩ የከፈልኩላት።

ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ባለሙያ ያቀርባል። የቀድሞ መርማሪዎች፣ ፕሮፋይለሮች። ነጭ ነው ይላሉ። ብቻውን ነው። ሕይወቱ ያልተቃናለት፣ የተናደደ ሰው ነው። ከባለሙያዎቹ ጎን ደግሞ ከስር ከስሩ የሚሮጥ ጽሑፍ አለ፦ ነጭ ቫን ፈልጉ።

"አንተ ምን አስፈራህ?" አሉኝ አለቃዬ። "ነጭ አይደለህ።"

"መኪናው ነጭ ነው፣ ጋሼ።"

ሦስት ጊዜ አስቆሙኝ። ሁለቱ ፈጣን ነበሩ፤ መንጃ ፈቃድ፣ ኋላውን ክፈት፣ ሂድ። ሦስተኛው ገና ሳይነጋ ነው። ሁለት ፖሊሶች፣ አንዱ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ። እጄን መሪው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ውረድ አሉኝ፣ ወረድኩ። ክፈት አሉኝ። የኋላውን በር ስከፍተው ያን ለሊት የተጋገረው እንጀራ ትኩሳቱን ገና አልጨረሰም፤ ፕላስቲኩ ሁሉ ከውስጥ አልቦታል። እንፋሎቱ ከነእርሾው ሽታ ወጥቶ ፊታቸው ላይ አረፈ። ወጣቱ ፖሊስ ወደ ኋላ አለ። ትልቁ ግን በባትሪው እያበራ ቀረበና በአንድ ጣቱ ፕላስቲኩን ጫን አደረገው። ጣቱ ስርጉድ ብሎ ገባ። ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ያ ሁሉ እንግሊዝኛ የት እንደገባ እንጃ፣ "ዳቦ" ብቻ አልኩ። ዳቦ። እናቴ ብትሰማኝ! ሰውየው ጣቱን አሸተተና ሂድ አለኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ለማዞር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ኦክቶበር 24 ከመንጋቱ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አውራ ጎዳና ዳር፣ ሾፌሮች የሚያርፉበት ቦታ ተያዙ። መኪናቸው ውስጥ ተኝተው ነበር። አንድ ሳይሆኑ ሁለት፤ የ41 ዓመት ጎልማሳና የ17 ዓመት ልጅ። ሁለቱም ጥቁሮች። መኪናቸው ቫን አይደለም፣ ነጭም አይደለም። ጥቁር ሰማያዊ የ1990 ሸቭሮሌት ካፕሪስ ነው፣ በፊት የፖሊስ መኪና የነበረ። የኋላ ወንበሩ እየተነሳ ወደ ሻንጣ መጫኛው እንዲያስገባ ተደርጓል፣ ከታርጋው በላይ ለአፈሙዙ ቀዳዳ አለው። ያንን መኪና በእነዚያ ሳምንታት ፖሊሶች ታርጋውን በተደጋጋሚ ፈትሸውታል። ኦክቶበር 8 ደግሞ ባልቲሞር ውስጥ ሰውየውን ከተኛበት ቀስቅሰው አናግረው ለቀውታል። ሰማያዊ መኪና ማን ፈልጎ!

ፍትሐዊ ልሁን። ነጩን ቫን ያመጡት ፕሮፋይለሮች አይደሉም፣ የዓይን ምስክሮች ናቸው። አውጫጭኝም ይስታል። ደግሞም ገዳዮቹ ራሳቸው በስልክ ባይጎርሩ ኖሮ ስንት ቀን ይቀጥል እንደነበር እንጃ። ጉራቸው ወደ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ መራ። እዚያ ሴፕቴምበር 21 አንድ የመጠጥ መደብር ደጃፍ ላይ ሰው ተገድሎ ነበር፣ ከገዳዮቹ አንዱ የጣለው ካታሎግ ላይም አሻራ ተገኝቷል። አሻራው ከልጁ የኢሚግሬሽን ፋይል ጋር ገጠመ። እኔም፣ ባለቤቴም፣ አብሮኝ የሚኖረውም ልጅ የሰጠነው ዓይነት አሻራ። ከዚያ ታርጋው በዜና ተነገረ፣ መኪናውን ያየ ከባድ መኪና ነጂ ደወለ።

በዚያው ሴፕቴምበር 21፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ አትላንታ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ መጠጥ መደብር በር ላይ ተገድሎ ነበር። እሱም በኋላ ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ተያያዘ። ያን ጊዜ ግን "ሌላ ዘረፋ" ነበር። ማንም ፕሮፋይል አልሠራለትም።

ለዚህ ይሆናል ሁለተኛውን ሲዝን ከአንደኛው አስበልጬ የምወደው፤ ዋናው ታሪክ አትላንታ ነው። ከ1979 እስከ 1981 ከ20 በላይ ጥቁር ሕፃናትና ወጣቶች ተገደሉ። ሆልደን ከች ይልና ገዳዩ ወጣት ጥቁር ነው ይላል። እናቶቹ አያምኑትም፤ የነጭ ዘረኞቹ ቡድን ኩ ክለክስ ክላን ነው ይላሉ፣ በዚያ ከተማ ለማለትም በቂ ምክንያት አላቸው። ድራማው እዚህ ጋ ጎበዝ ነው። ሆልደንን ጀግና አያደርገውም። ስለ ሕፃኑ ሞት ከእናቱ ይልቅ አውቃለሁ የሚል ወጣት አድርጎ ያሳየዋል። የካሚል ቤልን ፊት እዩት፤ የእውነቷም ካሚል ቤል ልጇን አጥታ እናቶችን ያደራጀች ሴት ናት።

በመጨረሻ ምን ያዘው? ጆሮ። ሜይ 22 ቀን 1981 ሌሊት፣ ድልድይ ሥር የተደበቀ ፖሊስ ውሃው ውስጥ ነገር ሲወድቅ ሰማ። ድልድዩ ላይ የነበረው መኪና የዌይን ዊልያምስ ነበር። በ1982 የተፈረደበት ግን በሁለት አዋቂ ወንዶች ግድያ ነው። የልጆቹ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ አብዛኛው በእሱ ስም ተዘጋ። በ2019 የከተማዋ ከንቲባ ማስረጃው እንደገና እንዲመረመር አዘዘች። ሌባ ሻይ ምናልባት ትክክለኛው ቤት ገብቶ ይሆናል። ግን ከተኛ በኋላ ሌላ ቤት ያንኳኳ የለም።

የቢልን ልጅ ታሪክ ደግሞ ሳየው ሁልጊዜ እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ። የጉዲፈቻ ልጁ፣ ዝምተኛው፣ አንድ ሕፃን በሞተበት ቦታ ይገኛል። ቢል ቀን ቀን ገዳዮችን ስለ ልጅነታቸው ይጠይቃል። ማታ ቤቱ ገብቶ የልጁን ማንቀላፋት ይመለከታል። መጠየቅ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ልጁን ግን መጠየቅ አይችልም። (ይህ ታሪክ የድራማው ፈጠራ እንጂ የእውነተኛዎቹ መርማሪዎች አይደለም።) የኔም ልጅ 14 ዓመቱ ነው፣ ዝም ይላል። ባለፈው ስልኩን ሲያይ ትክ ብዬ ሳየው ያዘኝና "ምን ሆንክ አባ?" አለኝ። "ምንም" አልኩ። "ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" የምትለዋን ተረት ማንም ጨክኖ ለልጁ አይጠቅስም።

የመጨረሻውን ክፍል ትናንት ጨረስኩ። ባለቤቴ ቡናውን ይዛ መጥታ ጎኔ ተቀምጣ ነበር፣ እንዳላየ እያየች። ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ በየመሐሉ ብቅ የሚል ባለ ሪዝ ሰውዬ አለ፣ ካንሳስ ውስጥ። ቤት ለቤት እየዞረ የማስጠንቀቂያ ደውል ይገጥማል። ታሪኩ ከዋናው ታሪክ ጋር አይገናኝም፣ ማንም አያሳድደውም። መጨረሻውም እሱ ነው፤ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ጭምብል አድርጎ።

"ይሄኛውስ ማነው?" አለችኝ።

ዴኒስ ሬደር ይባላል አልኳት። ከ1974 እስከ 1991 ዊቺታ ውስጥ 10 ሰው ገድሏል። በቤተ ክርስቲያኑ የጉባኤ ሰብሳቢ ነበር። የተያዘው በፍሎፒ ዲስክ ነው። ለፖሊስ ደብዳቤ መጻፍ ይወድ ነበርና፣ ዲስክ ብልክ ታገኙኛላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። በጋዜጣ ማስታወቂያ ምንም አትሆንም አሉት። አመናቸው። ዲስኩ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ስምና "ዴኒስ" የሚል ቃል ነበር። ሲያዝ፣ ለምን ዋሻችሁኝ ብሎ ተቀይሟቸዋል።

ሳቀች። ከዚያ ስክሪኑን መልሳ አየች።

"ታዲያ እዚህ ላይ ለምን አልያዙትም?"

"እዚህ ላይ ገና 1981 ነው። 24 ዓመት ይቀረዋል።"

ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች። ስትመለስ፣ ሁልጊዜ ከመተኛታችን በፊት እንደምታደርገው፣ የበሩን አላርም አበራች።